በሁለት ሊትር ተኩል ወደ መቂ

እሑድ ጠዋት፣ አቃቂ

ወደ መቂ የወጣሁት ለሽምግልና ነው። ሽማግሌው እኔ አልነበርኩም፤ የእኔ ሥራ ሽማግሌ ማድረስ ነበር። ታናሽ ወንድሜ ዮናስ ቂሊንጦ ፋብሪካ ውስጥ አብራው ከምትሠራው ከሌንሴ ጋር ሊጋባ ወስኖ፣ ወላጆቿን የሚጠይቁ ሦስት ሽማግሎች መርጠናል። አንዱ የነፍስ አባታችን ቄስ ተክሌ ናቸው። ሁለተኛው ከቤታችን ፊት ለፊት ሱቅ ያላቸው ሐጂ ሸምሱ። ሦስተኛውና ቃል አቅራቢው ጋሽ በላቸው። ጋሽ በላቸውና አባታችን ዕድሜያቸውን አብረው በምድር ባቡር የጨረሱ ጓደኛሞች ነበሩ። አባታችን ሲሞት ትምህርት ቤት ወስደው ያስመዘገቡን፣ ስንታመም ሐኪም ቤት ያደሩልን እሳቸው ናቸው። ዛሬ ጉልበታቸው ደክሟል፤ ንግግራቸው ግን አልደከመም።

መኪና ሊሰጠን ቃል የገባ ዘመድ ነበር። ቅዳሜ ደወለና «ማደያ ተሰልፌ ተራዬ ሳይደርስ ቤንዚኑ አለቀ» አለን። ሽማግሎቹ አልከፋቸውም። ሐጂ ሸምሱ «ምን ችግር አለ፣ ከቃሊቲ መናኸሪያ አውቶቡስ ሞልቷል» አሉ። ነገሩ እዚያ ላይ ቢያበቃ ኖሮ ይህን ማስታወሻ አልጽፍም ነበር። እኔ ግን አፌን ከፈትኩ።

«ጋሼን እኔ በሞተር አደርሳቸዋለሁ። በሁለት ሊትር ተኩል ቤንዚን መቂ እንገባለን።»

ቃሊቲ አንድ ፋብሪካ ውስጥ የማሽን ጥገና ሠራተኛ ነኝ። ቤንዚን እንደልብ መገኘቱ ከቀረ ወዲህ ሞተር ሳይክሌን ቆጣቢ ለማድረግ ያልነካካሁት ነገር የለም። ካርቡራተሩ ውስጥ ቤንዚኑን እየመጠነች የምታሳልፍ፣ መሐሏ የተበሳ ትንሽ የናስ ቁራጭ አለች። እሷን አውጥቼ ቀዳዳዋ ጠበብ ያለ ሌላ ገጠምኩ። ካቴናውን የሚያዞረውን የፊት ጥርስ ደግሞ በትልቅ ቀየርኩት፤ ሞተሩ ዝግ ብሎ እየዞረ ጎማው ግን ፈጠን እንዲል። ብቻዬን ከአቃቂ ቃሊቲ፣ ከቃሊቲ ቂሊንጦ ስመላለስ ቤንዚኑ እውነትም ቆጠበ። «ጉልበቱስ?» ሲሉኝ «ፍንክች አላለም» እል ነበር። ሁለት የሥራ ባልደረቦቼ «ለእኛም አድርግልን» ብለውኝ የእነሱንም እንዲሁ አደረግኩላቸው። እንዲህ እንዳደርግላቸው የሚጠይቁኝ ሰዎች እስከ ዛሬ አሉ፤ ይህን የምጽፈውም ለእነሱ መልስ እንዲሆን ነው።

ጉልበቱ ፍንክች ብሏል። ትንሽ ዳገት ሲገጥመኝ ማርሽ ካልቀነስኩ አልወጣም ነበር። እሳት የሚጭረውን ካንዴላ ፈትቼ ሳየው ደግሞ ጫፉ እንደ ኖራ ነጥቷል። የጤነኛ ሞተር ካንዴላ የገብስ ቆሎ መልክ አለው። የነጣ ካንዴላ ሞተሩ ከሚገባው በታች ቤንዚን እያገኘ በሙቀት እየተንገበገበ መሆኑን ይናገራል። ይህን አውቃለሁ፤ ለሌላ ሰው አስረድቼም አውቃለሁ። የራሴን ግን በጨርቅ ጠረግኩና መልሼ አሰርኩት።

ዮናስ ጠዋት በር ላይ ጠበቀኝ። «ተው ግርማ» አለኝ። «የድሮውን ዕቃ መልስበት፤ ካልሆነም ጋሼ ከሌሎቹ ጋር በአውቶቡስ ይሂዱ። ጋሼ መሞከሪያ አይደሉም።»

«አንተ ስለ ሞተር ምን ታውቃለህ?» አልኩት።

ታንከሩን አራግፌ፣ ሁለት ሊትር ተኩል በሰው ፊት ሰፍሬ ጨመርኩ። ጎረቤት ቆሞ ያየኝ ነበር። ጋሽ በላቸው ግራጫ ሙሉ ልብሳቸውን ለብሰው፣ ጋቢያቸውን ደርበው፣ ከዘራቸውን ይዘው መጡ። ሄልሜቱን ሳደርግላቸው ሳቁ። «እንግዲህ አደራ፣ ሾፌር» አሉና ከኋላዬ ተቀመጡ። ከዘራውን በሁለታችን መሐል አጋደሙት። ቄስ ተክሌና ሐጂ ሸምሱ ቀደም ብለው ወደ መናኸሪያው ሄደዋል። አራት ሰዓት ላይ ሌንሴ ቤት በር ላይ ልንገናኝ ነው የተቀጣጠርነው።

ዱከም እና ቢሾፍቱ

በፍጥነት መንገዱ ሞተር ሳይክል ስለማይገባ የድሮውን መንገድ ያዝን። ቱሉ ዲምቱን አልፈን ገላን ስንደርስ ፀሐይ ወጣች። እሑድ በመሆኑ የፋብሪካ ሰርቪሶች የሉም፤ የጅቡቲ ከባድ መኪናዎች ብቻ ተራ ይዘው ያልፋሉ። እነሱ ባለፉ ቁጥር ነፋሳቸው ይገፋናል፤ ጋሼ በሁለት እጃቸው ወገቤን ጠበቅ ያደርጋሉ። መንገዱ ለዓይን ሜዳ ይመስላል እንጂ ከአቃቂ ጀምሮ ቀስ በቀስ ቁልቁል ነው። ሞተሩ ያለ ጭንቀት ይንሸራተት ነበር።

ዱከም አንዲት ቁርስ ቤት ገብተን ሻይ በፓስቲ ወሰድን። ጋሼ ሁለተኛ ፓስቲ አስጨምረው «ሽማግሌ በባዶ ሆዱ ከተናገረ ነገር ያበላሻል» አሉ። የሚናገሩትን ሲለማመዱም ሰማኋቸው። ዮናስን እንዴት እንደሚያስተዋውቁት እያሰቡ ነበር። «ሲያጠፋ አጥፍቻለሁ የሚል ልጅ ነው፤ ከዚህ በላይ ምን ልበል?» አሉኝ። ጥሩ ነው አልኳቸው።

ቢሾፍቱ ላይ አቁሜ የታንከሩን ክዳን ከፈትኩና በስልኬ ብርሃን ወደ ውስጥ አየሁ። ካሰብኩት በላይ ቤንዚን ተርፏል። ፎቶ አንስቼ ለሥራ ባልደረቦቼ በቴሌግራም ላክሁ። ሥሩም «ሁለት ሰው ጭኖ!» ብዬ ጻፍኩ። ወዲያው የጭብጨባ ምልክት ዘነበልኝ። ለጋሼም አሳየኋቸው።

«ጎበዝ» አሉኝ፤ ቀጥለው ግን «ቁልቁለት ላይ የማይጎብዝ ሞተር የለም፣ ልጄ» አሉ። ያን ጊዜ የሽማግሌ ወግ መሰለኝ።

ከሞጆ በኋላ

ከሞጆ ወደ ደቡብ ሲታጠፉ አገሩ ይለወጣል። የጤፍ ማሳው ያልቅና ግራርና አቧራ ይጀምራል። ሙቀቱ ፊት ላይ ይመታል። የዚያን ቀን ደግሞ ነፋሱ ከፊት ለፊታችን ነበር። አሁን ቁልቁለቱ አብቅቷል፤ ሞተሩ ሁለት ሰው ተሸክሞ ነፋስ መግፋት አለበት።

አንድ ነገር ማስረዳት ይኖርብኛል። አቃቂ ከፍ ያለ ቦታ ላይ ስለሆነች አየሯ ስስ ነው፤ ለስስ አየር ትንሽ ቤንዚን ይበቃዋል። የእኔ ጠባብ ቀዳዳ እዚያ እንደምንም አኑሮኛል። ወደ ስምጥ ሸለቆው ሲወረድ ግን አየሩ ይወፍራል፤ ቤንዚኑም በዚያው ልክ ካልጨመረ ሞተሩ ይርበዋል። የተራበ ሞተር አይቀዘቅዝም፤ ይግላል። ይህንንም አውቅ ነበር። ሳላውቅ የሠራሁት ነገር ቢኖር ኖሮ ዛሬ እፍረቴ በቀለለልኝ።

ሞጆን እንዳለፍን ከሥር የሆነ ድምፅ ጀመረ። ቆርቆሮ ውስጥ ጠጠር ሲንቀጫቀጭ የሚያሰማው ዓይነት ነው። ነዳጅ ስሰጥ ይበረታል፤ ስለቅ ይጠፋል። ጋሼ ትከሻዬን መታ መታ አደረጉኝ።

«ይሄ ነገር ምን ይላል?»

«ነፋስ ነው ጋሼ!»

«ነፋስ እንዲህ ይንቀጫቀጫል?»

«ሄልሜቱ ስለሚያስተጋባ ነው!»

ወገቤን መልሰው ያዙ። አመኑኝ። ዕድሜ ልካቸውን ከባቡር ሞተር ጋር የኖሩ ሰው የሰሙትን ድምፅ ትተው እኔን አመኑ።

ቆቃ ስንደርስ መንገድ ዳር ዓሣ የሚሸጡ ልጆች ዓሣቸውን ከፍ አድርገው አሳዩን። ጋሼ «ትንሽ እንረፍ፣ እግሬ ደነዘዘ» አሉ። እረፍቱ ለሞተሩም መድኃኒት ነበር። ማቆም፣ ማቀዝቀዝ፣ ከዚያ ዝግ ብሎ መሄድ፤ ከዚህ ሌላ ምንም አያስፈልግም። ነገር ግን ካቆምኩ ሙቀቱን ጋሼ ያዩታል፤ ሽታው ይነግራቸዋል። «ደርሰን እናርፋለን» ብዬ አለፍኩ።

ዓለም ጤና ላይ ስልኬ ጮኸ። ሐጂ ሸምሱ ናቸው።

«የት ናችሁ? እኛ በሩ ላይ ነን።»

«ግቡና አረፍ በሉ፣ ሐጂ።»

«እንዴት እንገባለን? ቃል አቅራቢው ከእናንተ ጋር! ጉዳያችንን ሳናቀርብ እንዴት እንቀመጣለን? ቆመናል።»

«ደርሰናል፣ አሥር ደቂቃ!» አልኳቸው። ገና ብዙ ይቀረን ነበር።

ሁለት ሽማግሎች በመቂ ፀሐይ ሰው በር ላይ ቆመው ይጠብቁናል። ውሸቴን እውነት ለማድረግ ነዳጁን እስከ መጨረሻው ሰጠሁት። ጥቂት እንደሄድን ሞተሩ ጉልበት አጣ። እኔ ይበልጥ ጠመዘዝኩት። የተቃጠለ ዘይት ሸተተኝ፤ አንድ ቀጭን ፉጨት ሰማሁ። ከዚያ የኋላው ጎማ ባለበት ደረቀ። ፒስተኑ በሙቀት አብጦ ሲሊንደሩን ነክሶ ቆሟል። ሞተሩን ከጎማው የሚለየውን ፍሪሲዮን ስይዝ ዘግይቼ ነበር። ሞተር ሳይክሉ ወደ ጎን ተንሸራቶ ጠጠሩ ላይ ወጣ፤ እኔ በአንድ በኩል፣ ጋሼ በሌላ በኩል ወደቅን። ከኋላችን የቲማቲም ሣጥን የጫነ አይሱዙ ጥሩንባውን እያስጮኸ በስንዝር አለፈን።

ተነስቼ ስሮጥ ጋሽ በላቸው ተቀምጠዋል። ሄልሜቱ ወደ አንድ ጎን ዞሮ ዓይናቸውን ሸፍኖታል። ጋቢያቸው ተቀዷል። የሙሉ ልብሳቸው ሱሪ ጉልበቱ ላይ ተተርትሮ ደም ይታያል። ሄልሜቱን ሳነሳላቸው መጀመሪያ የተናገሩት «አንተ ደህና ነህ?» የሚል ነው።

ደህና መሆኔን ስነግራቸው «እግዚአብሔር ይመስገን» አሉ። ቆየት ብለውም «ምን ሆኖ ነው?» አሉኝ።

እውነቱ ምላሴ ላይ ነበር። «ካቴናው ነው መሰለኝ» አልኩ።

በመንገድ ዳር

ከግራር ሥር አስቀመጥኳቸውና ጉልበታቸውን አንገቴ ላይ በጠመጠምኩት ነጠላ አሰርኩት። ለሐጂ ሸምሱ ደወልኩ። እሳቸው «አላህ ያውጣችሁ» አሉ፤ ከኋላቸው ሌላ ሰው ሲጠይቅ ተሰማኝ። ብዙም ሳይቆይ አንድ የአትክልት ማመላለሻ ፒካፕ ከመቂ በኩል መጥቶ ቆመ። ጠይም፣ ትከሻቸው የሰፋ ሰው ባርኔጣቸውን እያወለቁ ወረዱ።

«የአቃቂ ሽማግሌ እርስዎ ነዎት?» አሉ ጋሼን።

የሌንሴ አባት አቶ ደበላ ናቸው። ልጅ የሚጠየቅ አባት ቤቱ ተቀምጦ ሽማግሌው በሩ ድረስ መጥቶ መለመን ነው ወጉ። እኚህ አባት ግን ሽማግሌያቸውን ከመንገድ ዳር ሊለቅሙ መጡ። ጋሽ በላቸው ለመነሳት እየታገሉ «እንዲህ ሆነን በመገናኘታችን ይቅርታ» ሲሉ አንገቴን ደፋሁ።

አቶ ደበላና ሾፌሩ ጋሼን ደግፈው ከፊት አስቀመጧቸው። ሞተር ሳይክሉን ከኋላ ጭነን እኔ አጠገቡ ተቀመጥኩ። መቂ እስክንገባ የሞተሩ ሙቀት እግሬን ይለበልበኝ ነበር። እግሬን አላሸሸሁም።

መቂ

በሩ ላይ ቄስ ተክሌና ሐጂ ሸምሱ ቆመዋል። የቄስ ተክሌ ፊት ላቡ እየወረደ ነው። ሐጂ ሸምሱ አንዱን እግራቸውን፣ ከዚያ ሌላውን እያሳረፉ ይቆማሉ። የቤቱ ሰዎች ወንበር አውጥተውላቸው ነበር፤ ወንበሮቹ ባዶአቸውን ከጎናቸው ተደርድረዋል። የሌንሴ አጎቶች ግቢው ውስጥ ሆነው ከፒካፑ ላይ ሞተር ሳይክል ሲወርድ ያያሉ። አንደኛው በኦሮምኛ አንድ ነገር ተናገረና ሌሎቹ ሳቁ። ቋንቋውን ብዙ አልችልም፤ ሳቁን ግን ገባኝ።

አቶ ደበላ «ቁስሉን መጀመሪያ ሐኪም ይየው» ቢሉም ጋሼ እምቢ አሉ። «የመጣንበትን ሳንናገር አንቀመጥም፤ አንታከምምም።» ከዘራቸውን ተደግፈው፣ በተቀደደ ጋቢያቸው፣ ሁለቱን ሽማግሎች ግራና ቀኝ አድርገው ቆሙ። እኔ ከኋላቸው ነበርኩ። ሊጀምሩ ጉሮሯቸውን ሲጠርጉ አቶ ደበላ እጃቸውን አነሱ።

«አባቴ፣ ከመናገርዎ በፊት አንድ ነገር ልጠይቅ። ይሄ ሞተር የነዳው የልጁ ወንድም ነው?»

«አዎ፣ ታላቁ ነው።»

ወደ እኔ ዞሩ። «እኔ ማሳዬን የማጠጣው በፓምፕ ነው። ፓምፕ እንኳን ከመሞቱ በፊት ይጮሃል። ያንተ ሞተር ምንም ምልክት አላሳየህም?»

ጋሽ በላቸው ወደ ኋላ አልዞሩም፤ ጆሯቸው ግን ወደ እኔ እንደነበር ከአንገታቸው አውቄያለሁ።

«አሳይቷል» አልኩ። «ከሞጆ ጀምሮ ይጮህ ነበር። ጋሼም ሰምተው ጠይቀውኛል። ነፋስ ነው አልኳቸው። ስንወድቅም ካቴና ነው አልኩ። ካቴና አይደለም። ቤንዚን ይቆጥባል ተብዬ እንድመሰገን ሞተሩን አስርቤው ነው የተቃጠለው። ብናቆም ኖሮ አንወድቅም ነበር።»

ሐጂ ሸምሱ መሬት መሬት ያያሉ። ከአጎቶቹ አንዱ ራሱን ነቀነቀ። እውነት ስናገር ቀለል ይለኛል ብዬ ነበር፤ አልቀለለኝም። የተናገርኩት በራሴ ፈቃድ ሳይሆን ስለተያዝኩ መሆኑን ሁላችንም አውቀነዋል።

ጋሽ በላቸው ወደ እኔ ሳይዞሩ ተናገሩ። «ልጁ የእኛ ነው። ጥፋቱም የእኛ ነው። የመጣነው ግን ስለ ወንድሙ ነው።» ከዚያም ስለ ዮናስ ያዘጋጁትን ንግግር ጀመሩ። ስለ ሥራው፣ ስለ አባቱ፣ እናቱን ስለመጦሩ ተናገሩ። «ሲያጠፋ አጥፍቻለሁ የሚል ልጅ ነው» የሚለው ጋ ይደርሳሉ ብዬ ጠበቅኩ። ጋሼ ዘለሉት።

አቶ ደበላ በአክብሮት አዳመጡ። «ከዘመድ ጋር እንመክራለን። የዛሬ ሁለት ሳምንት ተመለሱ» አሉ። ለመጀመሪያ ጊዜ የመጣ ሽማግሌ ቀጠሮ መቀበሉ ወግ ነው። ያ ቀጠሮ ወግ ይሁን ወይም በእኔ ምክንያት የመጣ ጥርጣሬ የሚነግረኝ ግን አልነበረም። ዮናስ ሲደውልልኝ ስልኩን ለቄስ ተክሌ ሰጠሁ።

ጤና ጣቢያ የጋሼን ጉልበት ሰፉላቸው። ከሰዓት በኋላ ሦስቱም በአውቶቡስ ተመለሱ። ጋሼ በመስኮት እጃቸውን አውለበለቡልኝ፤ ፊታቸው ላይ ቁጣ ፈለግኩ፣ አጣሁ።

ሰኞ፣ መቂ

ሞተሩን ለማስጠገን እኔ ቀረሁ። አቶ ደበላ አልጋ ቤት ማደሬን እምቢ ብለው እቤታቸው አሳደሩኝ። በሰው ቤት፣ ያውም ባሳፈርኩት ቤት፣ ራት ቀርቦልኝ መብላት ምን ያህል እንደሚከብድ ያን ምሽት አየሁ።

ጠዋት ሞተር ሳይክሉን እየገፋሁ ልወጣ ስል ሌንሴ በሩ ላይ መጣች። ከዚያ በፊት ቂሊንጦ ፋብሪካቸው በር ላይ ሁለት ሦስት ጊዜ ሰላም ተባብለናል።

«እናቴ ትናንት ጓዳ ሆና ስታለቅስ ነበር» አለችኝ። «አጎቶቼ ስለ እኛ የሚሉት ጠፍቷቸው ስለ ሞተር ያወራሉ። እኔ የምጠይቅህ አንድ ነገር ነው። ዮናስም እንዲህ ነው? ነገር ሲበላሽ ይደብቃል?»

«አይደለም» አልኳት። «ተው፣ ጋሼ መሞከሪያ አይደሉም ያለኝ እሱ ነው።»

«ታዲያ ለምን አልሰማኸውም?»

«ታናሼ ስለሆነ» አልኩ።

ቀና ብላ አየችኝና ወደ ቤት ገባች።

መቂ እንደ እኔ ያለ ሞተር ሞልቷል፤ መለዋወጫ አላስቸገረኝም። ፒስተኑን ከነቀለበቱ ቀየርን፤ ሲሊንደሩ ተሞርዶ ዳነ። የናሷን ቁራጭ ለሞተሩ በተሠራችበት ልክ፣ የፊት ጥርሱንም በመደበኛው ተካሁ። ከዚያ ቀድሞ ማድረግ የነበረብኝን ሥራ ሠራሁ። የአየር ማጣሪያውን ስፈታ የአቃቂ አቧራ እንደ ሊጥ ተጋግሮበታል። ለካ ሞተሩን አፍኜ ቤንዚን ይበላል ስል ኖሬያለሁ። ካቴናው ደርቆ ዝጓል፤ አጥቤ ዘይት ቀባሁት፣ ልኩን አስተካከልኩ። ጎማዎቹ ነፋሳቸው ጎድሎ ነበር፤ ጎሚስታ ወስጄ አስሞላሁ። አዲስ ካንዴላ አሰርኩ። ለእነዚህ ሁሉ ሞተሩን ማስራብ አያስፈልግም ነበር።

መመለስ

አዲስ ፒስተን አይጨነቅም፤ ስለዚህ ዝግ ብዬ ነዳሁ። ነዳጅ በእርጋታ እሰጣለሁ፤ ፊት ለፊት ዳገት ሳይ ሞተሩ መንቀጥቀጥ ሳይጀምር ማርሽ እቀንሳለሁ። መኪና ለመቅደም ከመወርወርና ፍሬን ከመርገጥ ከሩቅ አይቼ እለቃለሁ። ከሞጆ እስከ አቃቂ ያለው መንገድ አሁን ሽቅብ ነው። ቢሾፍቱ አጠገብ የጫነ መኪና ሳልፍ ሞተሩ ያለ ማንገራገር ወሰደኝ፤ ያንን ጉልበት ለወራት ረስቼው ነበር። የጨመርኩትን ቤንዚን አልሰፈርኩም፤ ለማንም ፎቶ አልላክሁም። አቃቂ ስደርስ ታንከሩ ውስጥ የቀረው ሽቅብ ለመጣ ሞተር ጥሩ የሚባል ነው። ሞተር የሚቆጥበው ንጹሕ ሲሆን፣ በልኩ ሲበላና እጅ ሲረጋለት ነው። ከዚህ የተለየ ምሥጢር አላገኘሁም።

በቀጥታ ጋሽ በላቸው ቤት ሄድኩ። እግራቸውን በርጩማ ላይ ሰቅለው ተቀምጠዋል፤ ዮናስ ጎናቸው ነው። ጉልበታቸውን ሳምኩ። «ተነስ፣ ተነስ፣ አለፈ» አሉኝ። ዮናስ ሻይ ቀድቶ ሰጠኝ እንጂ አላናገረኝም። በማግስቱ ሥራ ስገባ የሁለቱን ባልደረቦቼን ሞተር ፈትቼ የናስ ቁራጮቹን አወጣሁ። ለምን እንደሆነ ሲጠይቁኝ ነገርኳቸው። አንዱ «ፎቶውስ?» አለኝ። «ቁልቁለት ነበር» አልኩት።

ቃሊቲ መናኸሪያ

ከሁለት ሳምንት በኋላ ሽማግሎቹ በአውቶቡስ ወደ መቂ ሄዱ። አትምጣ ያለኝ የለም፤ ና ያለኝም የለም። ከሰዓት በኋላ ሞተር ሳይክሌን ይዤ መናኸሪያው በር ላይ ጠበቅኳቸው። ዮናስ ከእኔ ራቅ ብሎ ቆሟል። አውቶቡሱ ሲገባ መጀመሪያ የወረዱት ሐጂ ሸምሱ ናቸው፤ ዮናስን አቅፈው ጆሮው ላይ ተናገሩ። ወንድሜ ፊቱን በሁለት እጁ ሸፈነ። እሺ ብለዋል።

ጋሽ በላቸው በደረጃው እያነከሱ ወረዱ። እጄን ስሰጣቸው ያዙኝ። «ቀጠሮው ወግ ነበር» አሉኝ፤ «ደበላ ራሱ ነገረኝ። አትጨነቅ።» ሰው ሲበተን እግራቸውን እያየሁ፣ ድምፄን ዝቅ አድርጌ «ጋሼ፣ ሞተሩ እዚህ ነው። ተስተካክሏል። ላድርስዎት?» አልኳቸው።

ሞተር ሳይክሉን አዩት። እጃቸውን ትከሻዬ ላይ አደረጉ።

«አውቃለሁ ተስተካክሏል። ልቤ ነው ገና ያልመጣልኝ፣ ልጄ። አትቀየመኝ።»

እሳቸው ናቸው አትቀየመኝ ያሉት።

ዮናስ ባጃጅ ጠራ። ደግፈን አስገባናቸው፤ እሱም አጠገባቸው ተቀመጠ። እኔ ከኋላቸው ተከተልኩ። ጀርባዬ ባዶ ነበር፤ ሞተሩ ግን በጣም ጥሩ ይሠራ ነበር። ባጃጇ ጉድጓድ ባየች ቁጥር ቀስ ስትል እኔም ቀስ እያልኩ፣ አቃቂ ድልድይን ተሻግረን እስከ በራቸው አደረስናቸው።